ጋሽ ልዑልሰገድና አባቱ ያልታወቀው መኪና

ጋሽ ልዑልሰገድ መኪናውን ሲገዙ አላማከሩኝም። ገዝተው፣ በተጎታች አስጭነው፣ እዚህ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤቴ ደጃፍ ላይ ካቆሙት በኋላ ነው «የወይኔ፣ ገራዥሽ ባዶ ነው አይደል?» ብለው የደወሉልኝ። ባዶ አልነበረም። የልጆቼ ብስክሌት፣ የባለቤቴ፣ የቀድሞው ማለቴ ነው፣ የዓሣ መንጠቆና የእኔ ድስቶች ነበሩበት። ለሠርግና ለክርስትና ምግብ ስለማዘጋጅ ድስት አላጣም። ግን ሟች ባለቤታቸው መነን የማኅበር ጓደኛዬ ነበረች፤ በኮቪድ ጊዜ ስለሞተች በወጉ ቆመን እንኳ አልቀበርናትም። እንዴት ብዬ እምቢ ልበላቸው? ድስቶቼን ወደ ቤዝመንት አወረድኩ።

መኪና ከተባለ ነው እንግዲህ። በር የለው፣ መስታወት የለው፣ ወንበር የለው። ቀለም ያልነካው ግራጫ የፋይበርግላስ አካል፣ ከሥሩ አራት ጎማ። ኪት ካር ይሉታል። ሠሪው አካሉን በሣጥን ይልካል፤ ገዢው ደግሞ እቤቱ የአሮጌ መኪና ሻንሲ ላይ ይገጥመዋል። ይሄኛውን የጀመረው ሰው ሳይጨርሰው ሞቷል። ውድብሪጅ ያለውን ቤቱን የሚያጸዱት ወራሾች ወረቀቱንም ታሪኩንም አያውቁም፤ ብቻ ከፊታችን አንሡልን ብለው በርካሽ ሰጧቸው። ጋሽ ልዑልሰገድ ጎንበስ ብለው ከሥሩ አዩና «ቮልስ ነው!» አሉ። እውነትም ሻንሲው የቮልስ ነው፤ አዲስ አበባ ያደገ ሰው ቮልስ አይጠፋውም። ከላይ ያለውን አካል ማን እንደሠራው የሚያውቅ ግን አልተገኘም። ያ ካልታወቀ የወረቀቱ ነገር አይንቀሳቀስም፣ ታርጋም የለም። ታርጋ እስኪያገኝ ደግሞ ጣጣው የእኔ ነው።

«እስከ ፋሲካ ነው» አልኳቸው። «ሁለት ፍሪዘር ላስገባ ነው። አባቱን ይፈልጉና ታርጋ አውጥተው ይውሰዱልኝ።»

«ከፋሲካ አያልፍም» አሉ።

ጋሽ ልዑልሰገድ አሌክሳንድሪያ፣ ላንድማርክ አካባቢ፣ ባለ አንድ መኝታ አፓርትመንት ውስጥ ብቻቸውን ይኖራሉ። ከሃያ ዓመት በላይ ታክሲ ነድተው ዓይናቸው ለሌሊት መንዳት ሲደክም ተዉት። ልጃቸው ሔራን ሲያትል ናት፤ ጥሩ ልጅ ናት፣ ግን ሥራ አይፋታትም፣ ለበዓል ትደውላለች። ከዚያ ውጪ የሚደውልላቸው የመድኃኒት ቤቱ ማሽን ነው። አንድ ቀን እኔ ፊት ደወለና መድኃኒትዎ ደርሷል ሲላቸው «እሺ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ» አሉት። ማሽን መሆኑ ጠፍቷቸው አይደለም። እዚያው ሳቅሁባቸው፤ ወደ ቤት ገብቼ ግን ከፋኝ።

የመኪናውን ፎቶ የታክሲ ሾፌሮች የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለቀቁት። «ይሄ የማን ልጅ ነው?» ብለው። ሐበሻን እንዲህ ጠይቆ መልስ ያጣ የለም። ሰው ስንተዋወቅ አባቱን፣ አያቱን፣ አገሩን ሳንጠይቅ የማንላቀቅ ሰዎች ነን፤ መኪናውንም እንደዚያው ያዙት። አላውቅም ማለት ደግሞ ሞታችን ነው። ውድብሪጅ ያለው መካኒኩ ፍሰሐ የእንግሊዝ ነው አለ። ዴንቨር ያለው መርዕድ የብራዚል ነው ብሎ ማለ። አንዱማ በንጉሡ ጊዜ ቤተ መንግሥት በር ላይ አይቼዋለሁ አለ፤ በየትኛው ዕድሜው እንዳየው እግዜር ይወቅ።

ስልካቸው መጮህ ጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤልትዌዩን፣ ያን የቀለበት መንገድ፣ ይዘው ወደ እኔ ሲመጡ ስልኩን የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ አስደግፈው፣ ስፒከር ላይ አድርገው ይሠራሉ። «ጋሼ፣ የፊት መስታወቱን መቀመጫ ይለኩልኝ» ይላል መርዕድ። ይለኩለታል። «አይሆንም፣ ድጋሚ ይለኩ፣ ብራዚል እንዲህ አይደለም!» ይላቸዋል፤ ይሳሳቃሉ። መርዕድ ልጁ ታሞ ሆስፒታል በተኛ ሰሞን እንኳ ደወለ። መኪናውን ለሰበብ ያህል አንስቶ ስለ ልጁ ሲያወራ፣ ጋሽ ልዑልሰገድም ሲያጽናኑት ዋሉ። ፀጉራቸውን መቆረጥ ጀመሩ። ፊታቸው ወዝ አገኘ። እኔም ቅዳሜ ምሳ ሠርቼ እጠብቃቸው ጀመር፤ በአፌ ግን ስለ ፍሪዘሮቼ መጨቅጨቄን አልተውኩም።

ፋሲካ መጣ፣ አለፈ። «አልተገኘም እኮ የወይኔ፤ ትንሽ ታገሺኝ» አሉ። እያጉረመረምኩ ታገሥኩ።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በሬ ተንኳኳ። ጺሙ የነጣ ረጅም ፈረንጅ ሽማግሌ በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር ታቅፎ ቆሟል። ከፔንሲልቬንያ ነው የመጣሁት፣ የመኪናውን ፎቶ አንድ ሾፌር አሳይቶኝ ለተዋወቅሁት ለሚስተር ልዑል ቃል የገባሁለትን የፊት መብራት ቀለበት ላደርስ ነው አለኝ። ገራዡን ከፈትኩለት። ገና እንደገባ ከግራው መብራት በላይ ያለችውን ትንሽ እብጠት በመዳፉ ዳበሳት። ጋሽ ልዑልሰገድ ያቺን እብጠት የገጠመው ሰው ስሕተት ናት ብለው በብርጭቆ ወረቀት ሊፍቋት ሲዘጋጁ ሰንብተው፣ ከዚያ ድንገት ትተዋታል።

ሽማግሌው አስረዳኝ። ባደገበት የፔንሲልቬንያ ከተማ አንድ ትንሽ ወርክሾፕ ነበር። አካሉ የሚወጣበት የቅርጽ ማውጫ ቢሰነጠቅባቸው አዲስ መሥሪያ አልነበራቸውምና ጠግነው ቀጠሉ። ከዚያ በኋላ የወጣው መኪና ሁሉ ያቺን እብጠት ይዞ ወጣ፤ እኛ ማርያም የሳመችው እንደምንለው ምልክት። የእሱም መኪና ላይ አለች። «ይህን ሁሉ እኮ ነግሬዋለሁ፤ ለወረቀቱም እመሰክርልሃለሁ ብዬዋለሁ» አለ።

«መቼ?» አልኩት።

«ገና በረዶ እያለ።»

ደሜ ፈላ። ሽማግሌውን ሸኝቼ ወዲያው ደወልኩ።

«ጋሽ ልዑልሰገድ፣ እያወቁ ነው እኔን ታገሺኝ የሚሉኝ? ሰው እንዲህ ይታለላል?»

«ለግሩፑ ብነግር ያበቃል» አሉ።

«ምኑ ነው የሚያበቃው?»

«ስልኩ። አባቱ ከታወቀ መርዕድ ምን ብሎ ይደውልልኛል፣ የወይኔ?»

እኔ ግን ተናድጄ ነበር። «እሱ የእኔ ጉዳይ አይደለም! ገራዤን ይልቀቁልኝ!» ብዬ ጆሯቸው ላይ ዘጋሁት።

በዚያው ቀን ግሩፑ ላይ ጻፉ። የወርክሾፑን ስም፣ የእብጠቷን ታሪክ፣ የሽማግሌውን መኪና ፎቶ፣ ሁሉንም። አቤት የእንኳን ደስ ያለዎት ብዛት! ጭብጨባ፣ አበባ፣ የሚጸልዩ እጆች። ፍሰሐ፣ ያ እንግሊዝ ሲል የከረመው፣ «እኔም እንደዚያ ጠርጥሬ ነበር» አለ። ከዚያ ግሩፑ ስለ ነዳጅ መወደድ ወደ ማውራቱ ተመለሰ።

ቅዳሜ መጡ። ስልኩን እንደልማዳቸው ሣጥኑ ላይ አስደገፉት፤ አልጮኸም። ቀና እያሉ ያዩታል፣ መልሰው ያቀረቅራሉ። አንዲት ቃል አልወቀሱኝም፤ እሱ ነው የባሰብኝ። ሽማግሌው እንደ ቃሉ መሰከረላቸውና የወረቀቱ ነገር መስመር ያዘ። ተጎታች መጥቶ መኪናውን ወደ አሌክሳንድሪያ ወሰደው፤ ጋሽ ልዑልሰገድም ከሹፌሩ ጎን ተቀምጠው ሄዱ። ፍሪዘሮቼ ገቡ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቤቱ ጭር አለብኝ። ልጆቼ ቴክስት ያደርጋሉ እንጂ አይደውሉም። ምሳዬን ቆሜ በላሁ። ሰው የሚርባቸው እሳቸው ብቻ መስለውኝ ነበር፤ ለካ እኔንም ርቦኛል።

ስልኬን አነሣሁ። ጠርቶ ሳይጨርስ አነሡት።

«ጋሽ ልዑልሰገድ፣ እኔ ያ ሽማግሌ ያለውን አላመንኩትም» አልኳቸው።

«ምኑን?»

«መኪናው የፔንሲልቬንያ አይደለም። እኔ ሳስበው የጣልያን ነው።»

ስለ መኪና ቤንዚን ከመሙላት በቀር ምንም እንደማላውቅ ያውቃሉ። ሽማግሌው ሁሉን ነገር እንዳስረዳኝም ያውቃሉ።

«የጣልያን?» አሉ ቀስ ብለው። «በምን አወቅሽ?»

«በኋላው ነዋ። ያ የኋላው አወራረድ የጣልያን ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?»

ወንበር ሲስቡ ተሰማኝ።

«ቆይ፣ ቆይ፣ ልቀመጥ» አሉኝ። «እስቲ በደንብ አስረጂኝ።»