ጉምን ያስተማሩኝ ኣያ ተወልደ

ዘመኑ ፲፱፻፷፩ ዓመተ ምሕረት፣ እኔም የስድሳ ሁለት ዓመት ሽማግሌ ነበርኩ። ኣያ ተወልደ ጸጸራት ሰፈር ባለው ቤታቸው ውስጥ ማረፋቸውን ሰዎች ነገሩኝ። እነሆ ሙት ዓመታቸው ደረሰና ለምታውቋቸው ሁሉ ይህን እጽፋለሁ። ፊደል ዘግይቶ የገባኝ ሰው ነኝ፤ ስሕተቴን እለፉልኝ፣ ነገሬን ግን አትለፉ።

ወደ ምጽዋ በሚወርደው መንገድ አሥራ ሰባት ዓመት አብረን ጭነት አመላልሰናል። እኔ እነዳለሁ፤ ጉም ሲወርድ እሳቸው ነጭ ጨርቅ ጀርባቸው ላይ አስረው ከማኪናው ፊት በእግራቸው ይሄዳሉ። «ኣታ፣ ገደሉን ተወው፣ ጀርባዬን እይ!» ይሉኝ ነበር። ጀርባቸውን አምኜ አንድ ቀን አልሳትኩም።

ኤርትራ በንጉሡ መንግሥት ከተጠቀለለች በኋላ፣ የማመላለሻ ቤታችን አዲሱ ሹም ነጂዎችን ሁሉ በአማርኛ ልፈትን አለ። ኣያ ተወልደ አማርኛ ያውቁ ነበርና አስተርጓሚ አደረጋቸው። «አይዞህ፣ አንተ በትግርኛ ተናገር፣ የቀረው የኔ ነው» አሉኝ።

ሹሙ፣ «ጉም ሲያጋጥምህ ምን ታደርጋለህ?» አለኝ።

በትግርኛ ግመ የምንለውን ማለቱ እንደሆነ ገብቶኛል። መብራት ዝቅ ማድረጉን፣ ጥሩንባውን፣ ሰው ማስቀደሙን አንድ በአንድ በትግርኛ ነገርኩት።

«ምን አለ?» አላቸው።

ኣያ ተወልደ ጠረጴዛውን እያዩ፣ «አልገባውም፣ ጌታዬ» አሉ።

ሹሙ አስቀድሞ ትግርኛ መስማት አልፈልግም ብሎ ተቆጥቷቸው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። እኔ ግን ፈተናውን ወደቅክ ተብዬ ከመኪናዬ መሪ ወረድኩ።

ከዚያ በየእሑዱ ዳቦና ደብተር ይዘው ማይ ተመናይ ሰፈር ቤቴ ድረስ ይመጡ ጀመር። አማርኛ ሊያስተምሩኝ! የጀመሩትም በዚያው በጉም ነው። «ተራራው ጉም ለበሰ ይባላል። ሀብቱ እንደ ጉም ተነነ ይባላል። ጉም መዝገን ደግሞ በከንቱ መድከም ነው።»

«እርስዎስ አሁን ምን እየዘገኑ ነው?» አልኳቸው።

ሳቁና፣ «ጻፍ፣ ጻፍ» አሉኝ።

ደግነታቸውን አልክድም፤ ልጄ ስትታመም ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደረሷት እሳቸው ናቸው። አምስት ዓመት ሙሉ ግን አንዲት ነገር ጠበቅኩ፤ «ገብቶህ ነበር» እንዲሉኝ። ሊያርፉ ጥቂት ቀን ሲቀራቸውም አልጋቸው አጠገብ ሆኜ ጠበቅኩ። «ትምህርቱን አታቋርጥ» ብቻ አሉኝ።

ኣያ ተወልደ፣ ይኸው አላቋረጥኩም። ፊደሉ የእርስዎ ነው፣ የቐንየለይ፣ አመሰግናለሁ። ቃሌን ግን ቀምተውኝ ሄደዋል፤ ይህን ይቅር ማለት አልሆነልኝም። እግዜር ከኔ ይሻላል፣ እሱ ይማርዎ። በቀብርዎ ማግስት ጠዋት ቤትዎ መጥቼ ለባለቤትዎ እንጨት ፈለጥኩ። «ለሐዘን የመጣ ሰው ይቀመጣል፣ ተቀመጥ እንጂ» አሉኝ። መጥረቢያውን ግድግዳው ላይ አስደግፌ፣ ሳልቀመጥ ወጣሁ።