በሙጫ የተጣበቀው ምዕራፍ

ከመካኒሳ የወጣሁት ሰዓት እላፊ ሳይደርስ፣ ገና ሲመሻሽ ነው። እናቴ ዳቦ ቆሎ ቋጥራ ሰጠችኝ፤ ጉንጬን ግን አልሳመችኝም። ልጅሽ በቀበሌው አዳራሽ ቆሞ «ሰው ከዝንጀሮ መጣ» አለ ብለው ነግረዋት ነበር። እኔ የምሸሸው ለእግዚአብሔር ተሟግቼ መሆኑን ላስረዳት ሞከርኩ፤ ጊዜ አልነበረም።

ነገሩ እንዲህ ነው። የባዮሎጂ አስተማሪ ነበርኩ። የቀበሌያችን ካድሬ በውይይት ክበብ ስለ ዝግመተ ለውጥ እንዳስረዳ አዘዘኝ፤ እኔም ደስ ብሎኝ አስረዳሁ። ሕይወት ከትንሹ ተነሥቶ በብዙ ዘመን እየተለወጠ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ስናገር፣ የሰፈራችን የአቦ ቤተ ክርስቲያን ምእመናን ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ያዳምጡኛል። ጨርሼ ልቀመጥ ስል ካድሬው አስቆመኝ።

«ጓድ አስተማሪ፣ መደምደሚያውን ረሳኸው።»

«የቱን?»

«ስለዚህ እግዚአብሔር የለም የሚለውን።»

«እሱ እኔ በተማርኩት ባዮሎጂ ውስጥ የለም፣ ጓድ። እንዴት እንደመጣን ነው ያጠናሁት። ማን እንዳመጣን የማውቀው ከቤተ ክርስቲያን ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ጉድ ያፈላብኝ ያ ሳቅ ነው። ወዲያው ስሜ ከአድሃሪዎች ተራ ገባ፤ ሊያስሩኝ መሆኑን ሰማሁ።

በመተማ አድርጌ ሱዳን ገባሁ። ስለ በረሃው ብዙ አልልም፤ ያለፈበት ያውቀዋል፣ ያላለፈበትም አይድረስበት። ካርቱም ስገባ፣ በየክረምቱ ስናማርረው የኖርነው የመካኒሳ ጭቃ ናፈቀኝ፣ ትስቁ ይሆናል። ፉሉ ጥሩ ነው፣ አልዋሽም። ኪስራ የሚሉት ስስ እንጀራቸው ግን ወጥ ሲነካው እጅ ላይ ያልቃል። እንብላ በማለት ከእኛም ይብሳሉ፤ መንገድ ዳር የሚበላ ሰው «ተፈደል» ሳይልህ አያሳልፍህም።

ለስደተኛ ልጆች የተከፈተ የሚስዮን ትምህርት ቤት አስተማሪ ይፈልጋል ሲባል ሮጥኩ። ዳይሬክተሩ ፀሐይ ያቀላው ፈረንጅ ነው፤ ሚስተር ይሉታል። የትምህርት ማስረጃዬን አይቶ ደስ አለውና የባዮሎጂ መጽሐፉን ሰጠኝ። ገለጥ ገለጥ ሳደርገው የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ገጾች እርስ በርስ በሙጫ ተጣብቀዋል።

«ይሄ ምን ሆኖ ነው?»

«እሱን አናስተምርም። ክርስቲያን ነህ አይደል?»

«ከአርባ ቀኔ ጀምሮ።»

«እንግዲያው ዓለም በስድስት ቀን እንደተፈጠረ ታምናለህ።»

«አምናለሁ። ፀሐይ የተፈጠረችው ግን በአራተኛው ቀን ነው። የፊተኞቹ ሦስት ቀኖች ስንት ሰዓት እንደነበሩ ማን ያውቃል?»

ሚስተር አልሳቀም። «ከሃዲዎች የሚጀምሩት እንዲህ ነው» ብሎ መጽሐፉን ከእጄ ወሰደ።

ሀገሬ ላይ አድሃሪ፣ እዚህ ከሃዲ። አንዱ ዓረፍተ ነገር ጨምር ይለኛል፣ ሌላው ምዕራፍ ቀንስ። ሁለቱም ፈጣሪ ቀስ ብሎ ከሠራ አልሠራም ማለት ነው ብለው ያምናሉ። ሰውን ከአፈር ያበጀ አምላክ፣ አፈሩን ስንት ዘመን እንዳቦካው ማን ነግሯቸው ነው? እኔ በዚህ ነገር እንቅልፍ አጥቼ አላውቅም።

ሥራው ቀረ። አልከፋኝም ብል ውሸት ነው። አሁን በአንድ የሀገሬ ሰው ግቢ የስደተኛ ልጆችን ሰብስቤ፣ በጸሎት እጀምርና ከገበያ የገዛሁትን፣ ሙጫ ያልነካው የባዮሎጂ መጽሐፍ ከዳር እስከ ዳር አስተምራለሁ።

ባለፈው ሰሞን መካኒሳ ባለው በሰፈራችን ባለሱቅ ስልክ እናቴን አስጠራኋት። ጤናዬን ጠይቃ ሳትጨርስ ወደዚያው ነገር ገባች።

«የንስሐ አባታችንን ጠየቅኳቸው። ‹ልጅሽ ፈጣሪውን እስካልካደ ድረስ ዝንጀሮውን ለእኔ ተዪው› አሉኝ።»

ከደስታዬ ብዛት ሳቅኩ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«እሳቸው ችለውታል። እኔ አልሆነልኝም። ሁለቱ እንዴት አብረው ይሄዳሉ?»

ማስረዳት ጀመርኩ። አቋረጠችኝ።

«በስልክ አይሆንም፣ ልጄ። ስትመጣ አጠገቤ ቁጭ ብለህ ታስረዳኛለህ። መቼ ነው የምትመጣው?»

ለካድሬውም ለሚስተሩም መልስ አላጣሁም ነበር። እሷን ግን «ዳቦ ቆሎ አዘጋጂልኝ» ብቻ አልኳት።