የወንድሜ በዓል ከመርዶው በፊት

ያን ሰሞን እንደ ሁለት ሰው ነበር የምኖረው። ወላይታ ሶዶ ከተማ ቢሮዬ ስገባ ጥቁር ልብስ፣ ገጠር ጉኑኖ እናቴ ዘንድ ስሄድ አበባ ያለበት ቀሚስ። የምቀይረው መናኸሪያው አጠገብ ባለው የጓደኛዬ ሱቅ ጓዳ ውስጥ ነው። ጥቁሩን ሳወልቅ "ኧረ እስከ መቼ ነው እንዲህ የምትሆኚው?" ትለኛለች። እኔ ምን አውቄ! ወንድሜ ከሞተ ሁለት ወር አልፎታል፤ እናታችን ግን መርዶውን ገና አልተረዳችም።

ወንድሜ የተክል በሽታ ሳይንቲስት ነበር። በውጭ አገር ስሙን የሚያውቁት በጥናቱ ይሆናል፤ እኛ አገር ግን የሚታወቀው በቢላዋ ነው። እንሰቱን የሚያጠወልገው በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው በቢላዋ እንደሚሄድ ሲያስረዳ የሰፈሩን ሴት ሁሉ አስቸግሮ ነበር። "አንዱን ቆርጣችሁ ሌላውን ሳትነኩ ቢላዋውን እሳት ውስጥ አሳልፉት" እያለ ከጓሮ ጓሮ ይዞራል። ለእረፍት ሲመጣ እንኳ ሰው ሳይስም ቀጥታ ወደ እንሰቱ ነው። እናቴ "እኔን ነው ወይስ እንሰቱን ልትጠይቅ የመጣኸው?" ብላ ትቆጣዋለች። ሲሞት እዚያው በሚያስተምርበት አገር ተቀበረ።

እሱ ሲሞት እናቴ ደም ግፊቷ ጨምሮ ሶዶ ሆስፒታል ተኝታ ነበር። ሐኪሙም እንዳትደነግጥ አደራ አለ። አጎቴ፣ የእናቴ ታናሽ ወንድም፣ የቤተሰቡን ሽማግሌዎች ሰብስቦ "እስክትጠነክር ማንም ትንፍሽ እንዳይል፤ መርዶውን እኔ ራሴ በማለዳ እነግራታለሁ" ብሎ ቆረጠ። እሺ፣ ልክ ነው። መርዶ እንደ ሌላ ወሬ ዝም ብሎ አይነገርም፤ ዘመድ ተሰብስቦ፣ ጎረቤት ደጅ ቆሞ፣ ስትወድቅ የሚይዛት ሰው ተዘጋጅቶ ነው። ግን ጠነከረች እኮ! ከሆስፒታል ወጣች፣ ቤቷ ገባች፣ ዶሮዎቿን መቆጣት ጀመረች። አጎቴ ዛሬ ነገ፣ ዛሬ ነገ ይላል። እኔን በስልክ "ለምንድነው የማይደውለው?" ትለኛለች። "ለጥናት ጫካ ገብቷል እማዬ፣ ኔትወርክ የለም" እላለሁ። "ምን ዓይነት ጫካ ነው እባክሽ!" ትላለች።

የጉኑኖ ሰው ይህን ሁሉ እያወቀ ለልጁ መታሰቢያ ማድረግ አማረው። በሰው አልፈርድም። የትምህርት ቤቱ አዲስ ቤተ ሙከራ በወንድሜ ስም እንዲጠራ ተወሰነ፤ ለቅዳሜ ተቀጠረ። እኛም ያን ዕለት እናቴን ለምርመራ ብለን ወደ ሶዶ ልናሸሻት ተስማማን።

ዓርብ ከሰዓት ሻንጣዋን እያዘጋጀሁ ሳለ ሞንታርቦ የጫነ ባጃጅ በበራችን አለፈ። አዋጅ ነጋሪው "ሞተ" የሚል ቃል እንዳያመልጠው ተጠንቅቋል፤ ምስኪን፣ በጣም ነው የተጠነቀቀው። "የአካባቢያችን ፍሬ፣ ታላቁ ሳይንቲስታችን ነገ በትምህርት ቤቱ ግቢ ይከበራል! ማንም እንዳይቀር!" እናቴ ከጓሮ እየሮጠች መጣች፤ ደም ግፊት ያለባት ሴትዮ! "ልጄን ሊያከብሩት ነው? አንቺ ደግሞ ሶዶ ልትወስጂኝ ነው?" አለችና ሻንጣዋን ከእጄ ነጥቃ ልብሷን መልሳ አወጣች።

ወደ አጎቴ ቤት በጭቃው ሮጥኩ። "አጎቴ፣ ይንገሯት! በቃ፣ ዛሬ ይንገሯት!" አልኩት፤ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ባለጌ ሆኜ።

"እንዲህ ደስ ብሏት ሳለ?" አለኝ። "በዓሉ ይለፍላት። እሑድ በማለዳ እመጣለሁ።"

"ቢያመልጣቸውስ? የስንቱን አፍ ነው የሚይዙት?"

"የሁሉንም" አለኝና ኮፍያውን አድርጎ ወጣ።

የሚገርመው የሁሉም አፍ ተያዘ። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ከወንድሜ ፎቶ ላይ ጥቁር ሪባኑን ፈታ። የሰፈራችን ፓስተር መልእክቱ ለየቤቱ እንዲደርስ አደረገ፦ ጥቁር የሚለብስ እንዳይኖር፣ የሚያለቅስ እንዳይኖር፣ እናቱ ትመጣለች። ያ ሁሉ ሰው ቅዳሜ ጠዋት በቀለም ልብስ በትምህርት ቤቱ ግቢ የተተከለውን ድንኳን ሞልቶ ሳየው፣ እውነቴን ነው የምለው፣ ባመሰገንኩት ልክ ተናደድኩበት። ለወንድሜ ሐዘን የተሰበሰበ ሰው ሠርግ መስሎ ተቀምጧል!

እናቴ ነጭ ለብሳ ከፊት፣ እኔ አጠገቧ። አንድ ቦታ አላረፍኩም። ተናጋሪ በተነሳ ቁጥር ከወንበሬ ብድግ እላለሁ። ከሶዶ የመጣ አንድ እንግዳ "ይህ ሰው በሕይወት በነበረበት..." ብሎ ሲጀምር ዳይሬክተሩ ከኋላ ኮቱን ጎተተው፤ ሰውየው ደንግጦ "በሕይወቱ ብዙ ሠርቷል" ብሎ ቁጭ አለ። እናቴን በጎን አየኋት። ፈገግ እንዳለች ነው። ከቦምቤ የመጡ አባት ከበሽታው ስለ ተረፈው እንሰታቸው ተናገሩ። ጎረቤታችን ተነስታ "እኔ ቢላዋ ባነሳሁ ቁጥር ከኋላዬ ቆሞ ‘እሳቱስ?’ የሚለኝ ይመስለኛል" አለች፤ ሰው ሳቀ፤ እሷ ግን ሳትጨርስ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወጣች። "ምን ሆነች?" አለችኝ እናቴ። "ጉንፋን ይዟታል" አልኩ። ጉንፋን ነው ያልኩት፤ ሌላ ነገር አልመጣልኝም።

ሊያልቅ ነው፣ ተረፍን ስል እናቴ ተነሳች። ፕሮግራሙ ላይ አልነበረችም። "እመርቃለሁ" አለች። እናት ልመርቅ ስትል ማን ይከለክላታል? እሷ በወላይትኛ ትመርቃለች፣ እኔ ለእንግዶቹ ወደ አማርኛ እመልሳለሁ።

"ይህን ቤት የሠራችሁ፣ እጃችሁ ይባረክ።"

"አሜን!" አለ ድንኳኑ በሙሉ።

"የሚማሩበት ልጆች ከልጄ ይብለጡ።"

"አሜን!"

"ጓሮአችሁን በሽታ አይግባው።"

"አሜን!" የፊተኛው ረድፍ ላይ ያሉት እጃቸውን ዘርግተዋል። እናቴ ሞቅ አላት። ዓይኗን ጨፈነች።

"ልጄን ደግሞ ጌታ ከዚያ ጫካ በሰላም ያውጣልኝ። ይምጣልኝ። እኔን በገዛ እጁ ይቅበረኝ።"

ጠበቀች። አሜን አልመጣም።

ያ ሁሉ ሕዝብ ቀኑን ሙሉ ምላሱን ይዞ ውሏል። ጥቁሩን ደብቋል፣ እንባውን ውጧል፣ ስለ እሷ ብሎ ስቋል። ጸሎት ላይ ግን አሜን ብሎ እግዚአብሔር ፊት መዋሸት አቃተው። አንድም ሰው፣ ፓስተሩም ቢሆን፣ አልቻለም። እንግዶቹ ምን እንዳለች እንድነግራቸው እኔን ያያሉ። እኔ ማይኩን ይዤ ደርቄ ቀረሁ፤ ያን ዓረፍተ ነገር በየትኛው አፌ ልበለው?

እናቴ ዓይኗን ገለጠች። መጀመሪያ ሕዝቡን አየች፤ የምታየው ሁሉ መሬት መሬት ያያል። ወደ ወንድሟ ዞረች፤ አጎቴ አንገቱን ደፍቷል። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"መቼ?" አለችኝ።

"ከፋሲካ በፊት፣ እማዬ።"

አልወደቀችም። ሊይዟት የተነሱትን በእጇ መለሰቻቸው። ማይኩን ከእጄ ወስዳ ወንበሩ ላይ አስቀመጠችና ጉንጬን በመዳፏ ያዘች።

"አንቺስ እስካሁን አላለቀስሽም?"

"አላለቀስኩም" አልኳት።

"በይ ነይ" አለችኝ። ድንኳኑ ውስጥ ከሁሉም በፊት የተሰማው የእኔ ጩኸት ነው።