ቪዛው እስኪመጣ የጸለይነው ጸሎት

ከአዳማ በወጣንበት ምሽት እናቴ ቤት ጫማ የሚወልቅበት ቦታ እንኳ አልነበረም። የጸሎት ቡድኗ ሴቶች በሙሉ መጥተው፣ እኔንና ታናሽ ወንድሜን ናቲን መሃል አስቀምጠው፣ እጃቸውን ጭነውብን፣ ጎረቤት እስኪረበሽ ጸለዩልን። ቪዛው እንዲወጣ ስንት ጊዜ ጾመውልናል! ናቲ የቤተ ክርስቲያናችን ኪቦርድ ተጫዋች ነበር፤ ላንጋኖ ላይ ሲጠመቅ ከውሃው አልወጣም ብሎ ፓስተሩን ያስቸገረ ልጅ። ያን ምሽትም ተንበርክኮ፣ እንባና ንፍጡ ተደባልቆ፣ «ጌታ ሆይ፣ ይህን በር ከፍተህልኛል፤ የትም ብሄድ አንተን ማገልገል አልተውም!» አለ። ሴቶቹ ቤቱን በእልልታ አቀለጡት። እኔም አብሬ አለቀስኩ፣ ሞኟ!

ቦሌ ስንደርስ የኢሚግሬሽኑ ሰውዬ ናቲን ቀና ብሎ እንኳ ሳያየው፣ «ለምንድን ነው የምትሄደው?» አለው።

«ጌታ በር ከፍቶልኝ ነው።»

«እሱን ስትደርስ ታወራዋለህ። አሁን ፓስፖርትህን ክፈት።»

ዱባይ ገባን። አዳማ ሞቃት ነው እያላችሁ የምታማርሩ፣ ኧረ እባካችሁ እግዚአብሔርን አመስግኑ! የአዳማ ሙቀት አመሻሽ ላይ ነፋስ አለው፤ አቧራ ቢኖረውም ነፋስ ነው። እዚህ በር ስትከፍቱ የሚፈላ ድስት የከፈታችሁ ነው የሚመስላችሁ። ሰላምታ የሚባል ነገርማ የለም። እኛ አገር ከባጃጅ ሹፌር ጋር እንኳ ቤተሰብ ደህና ነው ተባብለን አይደል የምንወርደው? እዚህ በአንድ ሊፍት ወጥተን ወርደን፣ ሁሉም ግድግዳ ግድግዳውን ያያል።

የተከራየነው አንዲት ክፍል ነው። አከራያችን ከበታችን ባለው ፎቅ የሚኖሩ ፓኪስታናዊ ሽማግሌ ናቸው፤ ሐጂ እንላቸዋለን። መጀመሪያ ላይ እንደ አገራችን ጮክ ብለን እንጸልይ ነበርና አንድ ቀን በሩን ደበደቡት።

«ማን ሞተባችሁ?»

«ማንም አልሞተም፤ እየጸለይን ነው።»

«አምላካችሁ ጆሮው አይሰማም እንዴ? ቀንሱ!»

ቀነስን። ናቲማ ከልክ በላይ ቀነሰ። መጀመሪያ በሹክሹክታ ሆነ፣ ቀጥሎ «በልቤ ነው የምጸልየው» አለ፣ ከዚያ ልቡም ብርድ ልብስ ለብሶ ተኛ። እረፍቱ እሑድ ነው። ያበሾቹ ጉባኤ ያለበት ሰፈር በአንድ አውቶቡስ ይደረሳል። እሱ ግን እስከ እኩለ ቀን ይተኛና ከጓደኞቹ ጋር ሺሻ ቤት ይሄዳል።

«ናቲ፣ ተነስ እንጂ፣ ረፈደብን።»

«እህቴ፣ መዳን በጸጋ ነው፤ በአውቶቡስ አይደለም።»

ደሜ ፈላ! አንተ ልጅ፣ እናቴ ከቤት አታባርረኝም ብለህ ምሳዋ ላይ ትተፋለህ? በነጻ ይቅር የተባለ ሰው እንዲህ ነው የሚሆነው? ብዬ ጮህኩበት። ጌታ ይረዳኛል ብሎ ፊቱን አዞረ። ሁሉን ነገር ጌታ ይረዳዋል፣ አልጋውን ማንጠፍ እንኳ!

ወራት አለፉና ሐጂ እንደገና መጡ።

«ወንድምሽ ታሟል?»

«ደህና ነው፣ ሐጂ።»

«ታዲያ ድምፁ የት ሄደ?»

«እርስዎ አይደሉ እንዴ ቀንሱ ያሉን?»

«ቀንሱ አልኩ እንጂ አቁሙ መቼ አልኩ?»

ናቲ ከብርድ ልብሱ ሥር ሰምቷል። ግን ተገላብጦ ተኛ።

እናቴ ስትደውል ግን «እያገለገልኩ ነው» ይላታል። በዚህ መሃል እሷ ደስ እያላት ደወለች፤ የሚመጣው እሑድ ናቲ አዳማ ባለው ጉባኤ ፊት በስልክ ይመሰክራል፣ ቪዛ የሚጠብቁ ወጣቶች እሱን ሰምተው ሊበረታቱ እየጾሙ ነው አለች።

«ምን ልትላቸው ነው?» አልኩት።

«ጌታ መልካም ነው እላለኋ። ውሸት ነው?»

«እሱ እውነት ነው፤ ውሸቱ አንተ ነህ!»

ተኮራረፍን። እኔን ያስጨነቀኝ ይሉኝታ አይደለም። ያን ሁሉ ሰው፣ ያውም እናቱን፣ በእግዚአብሔር ስም ከዋሸ በኋላ በየት በኩል ይመለሳል? ወንድሜን ለዘላለም የማጣው መሰለኝ።

እሑድ ደረሰ። እዚያ አዳማ ፓስተሩ ስልኩን ወደ ማይክራፎኑ አስጠጋው። ናቲ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ «ጌታ መልካም ነው» ብሎ ጀመረ። አዳራሹ በሃሌሉያ ተናጋ። ያን ጊዜ እናቴ ስልኩን ተቀበለች። የአርሲ ነገሌ ልጅ ናት፣ የወሬ ዙሪያ ጥምጥም አትወድም።

«ኢጆሌ ኮ፣ ልጆቼ! ናቲዬ፣ ምስክርነቱ ይቆይ። ለእነዚህ ልጆች ጸልይላቸው። ስትጸልይ ከሰማሁህ ቆየሁ እኮ።»

«ጌታ ሆይ» አለና አቆመ። አየኝ። ሁሌም እሱ ቃል ሲጠፋበት የምቀጥልለት እኔ ነኝ። ዛሬ ግን አልቀጠልኩለትም።

«እማዬ» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ እኮ መጸለይ ካቆምኩ ቆየሁ።»

 መስመሩ የተቆረጠ መስሎኝ ስልኩን አየሁ፤ አልተቆረጠም።

«ይሁን» አለች እናቴ።  «ዛሬ ጀምር፣ የኔ ልጅ። የትም አንሄድም፣ እንጠብቅሃለን።»

ማንም አልዘመረም። በስልኩ ውስጥ አንድ ሕፃን ሲያለቅስ፣ ከአዳራሹ ውጭ የባጃጅ ጥሩምባ ሲነፋ ይሰማል። እዚያ ፕላስቲክ ወንበር ላይ፣ ከእናቴ አጠገብ ለመቀመጥ ምን አልሰጥም ነበር! ናቲ ዓይኑን ጨፍኗል፤ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል፣ ድምፅ ግን ገና አልወጣውም። እኔም ከዚህ ማዶ፣ ከእነሱ ጋር ጠበቅሁት።