የደረጃው አምፖል

ወጣቱ «ሽቦ» የሚል ቅጽል ስም የወጣለት ከዚሁ ሕንፃ ደረጃ የመብራት ገመድ ሰርቆ የታሰረ ጊዜ ነው። በዚያ ጨለማ ሦስተኛ ፎቅ የሚኖሩት መበለት ከደረጃው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። ከእስር ሲወጣ የሰፈሩ ማሠልጠኛ ሰዎች፣ ፈጣሪ ይስጣቸውና፣ የኤሌክትሪክ ሥራ አስተማሩት። ለልምምድ ሲመደብም መብራቱ እስከ ዛሬ ያልተጠገነውን ያንን ደረጃ ራሱ ጠየቀ።

መሰላሉን እንደዘረጋ መበለቷ በከዘራ ተደግፈው ከውጭ ገቡ።

«አንተ ነህ እንዴ? ደግሞ ምን ቀርቶህ መጣህ?»

«ልመልሰው ነው፣ እትዬ።» አንገቱን ደፋ።

«በል ውጣ፤ መሰላሉን እይዝልሃለሁ። ብትወድቅ ደግሞ እኔን ይከሱኛል!»

ከዘራቸውን ግድግዳ አስደግፈው በሁለት እጃቸው ያዙለት። እሱ ወጥቶ ገመዱን አያያዘ። አምፖሉ ሲበራ ወደ ታች አየ። ከስብራቱ ወዲህ ያጠረው እግራቸው መሬቱን የነካው በጣቱ ጫፍ ብቻ ነበር። እንባው አላስወርድ አለው።

«ውረድ እንጂ ልጄ፣ እዚያ ልታድር ነው?»

«ይቅር ይበሉኝ፣ እትዬ።»

«መጀመሪያ ውረድ፤ እጄ ዝሏል።»

ወርዶ ከዘራውን ሲያቀብላቸው በአንድ እጃቸው ተቀበሉት፣ በሌላው ክንዱን ያዙ።

«አሁን ደግፈኝና እንውጣ፤ የላይኛውም አምፖል አይበራም።»