ለእንግዳ የተሰጠ ተራ

እናቴ ጽኑ ሕሙማን ክፍል በተኛችበት ሰሞን፣ ጠዋት ጠዋት ከቀራንዮ ወጥቼ ጦር ኃይሎች ላይ ታክሲ እየቀየርኩ ስሄድ የማስበው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ዛሬስ ገብቼ አያት ይሆን? ጥበቃውን እንዳልወቅስ ሰውየው በቀን አንድ ጠያቂ ብቻ ይገባል ከማለት ሌላ ያደረገኝ ነገር የለም። የሚከለክሉኝ የገዛ ዘመዶቼ ነበሩ።

በእኛ ቤት እንግዳ ይቀድማል። መልካሙ ወንበር ለእንግዳ፣ መልካሙ ብርድ ልብስ ለእንግዳ፤ እሱስ ይሁን። የእናቴ አልጋ አጠገብ መቆምም እንደዚያው የእንግዳ ድርሻ ይሆናል ብዬ ግን በሕልሜም አላሰብኩ። ታላቅ ወንድሟ፣ አጎቴ፣ በሩ ላይ ቆመው ተራውን ያድላሉ። አንድ ቀን ለጎረቤታችን፣ አንድ ቀን ለንስሐ አባቷ፣ አንድ ቀን ከሩቅ ለመጣ ዘመድ። እኔ መድኃኒት እገዛለሁ፣ የታጠበ አንሶላ አመላልሳለሁ፣ ቀኑን ሙሉ ኮሪደሩ ላይ እቆማለሁ።

"አንቺ የቤት ልጅ ነሽ፣ የትም አትሄጂ፤ ነገ ትገቢያለሽ" ይሉኛል። ደግሞም እየተሻላት ነው ይላሉ። እኔም ወደ ኮሪደሩ እመለሳለሁ። እየተሻላት ከሆነማ ነገም ቀን ነው።

ማክሰኞ የገባው የአስኮው ዘመዳችን ነበር። ሲወጣ ፊቱ በርቶ ዓይኗን መግለጧን ነገረን። እሱን ግን ብዙም እንዳላየችው፣ በሩን በሩን ትመለከት እንደነበር ነገረን። ሁላችንም ተመስገን አልን።

ረቡዕ አንዲት የሆስፒታሉ ሠራተኛ መጥታ የታማሚ ቤተሰቦችን ስለ አገልግሎቱ ትጠይቅ ጀመር። ጠዋት ሙሉ ስለ መቀመጫው እጥረትና ስለ መጸዳጃ ቤቱ ሲያማርሩ የቆዩት አጎቴ፣ ለእሷ ሲሆን ሁሉም ነገር በጣም ጥሩ ነው አሏት። እህታቸው በሰዎቹ እጅ ናት፣ እንዴት ክፉ ይናገሩ? ቀጥላ ሐኪሞቹ ስለ ታማሚዋ ሁኔታ በግልጽ ያስረዷቸው እንደሆነ ጠየቀቻቸው።

"ኧረ በደንብ" አሏት። "ባለፈው ሰኞ ሐኪሙ ቢሮው አስቀምጦ አንድም ሳይደብቅ ነግሮኛል።"

እኔ ሰኞም እዚያው ነበርኩ። ማንም ምንም አልነገረኝም።

"ምን አለዎት፣ ጋሼ?"

አጎቴ ወደ ጎን ሊወስዱኝ ፈለጉ፤ እምቢ አልኩ። እዚያው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሩኝ። ሐኪሙ ከዚህ በኋላ ብዙ ተስፋ የለም፣ ቤተሰቧ እየገባ ይሰናበታት ብሏቸው ኖሯል። የደበቁኝ እንዳልደነግጥ ብለው ነው።

"ቤተሰቧ ማን መሰለዎት?" አልኳቸው። ታላቅ ሰው ፊት ድምፄን ከፍ አድርጌ አላውቅም፤ ያን ቀን ግን ኮሪደሩ በሙሉ ሰማኝ። የዕለቱ ተራ የዕድራችን ዳኛ ነበር። ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው በሩ ላይ ቆመዋል። ይቅርታ እንኳ ሳልጠይቅ አልፌያቸው ገባሁ።

እናቴ ዓይኗን ጨፍናለች። እጇ ይሞቃል። እማዬ፣ እኔ ነኝ አልኳት፣ ደጋግሜ። ማሽኑ ብቻ ይጮሃል።

ነርሷ ልጇ መሆኔን ጠየቀችኝ። ነኝ አልኳት።

"ትናንት ነቅታ ነበር" አለችኝ። "ቱቦው ስላለ መናገር አልቻለችም እንጂ በእጇ ወደ በሩ ስትጠቁም ነበር የዋለችው። ከማታ ጀምሮ ግን አልነቃችም።"

ስወጣ ሠራተኛዋ ተራዬን ጠብቃ አገልግሎቱ አርክቶኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ነርሶቹ ጥሩ ናቸው አልኳት፤ እውነትም ጥሩ ነበሩ። ስለ ዘመዶቼ የምትጠይቂኝ ነገር የለም ወይ አልኳት። የለም አለችኝ።

አጎቴ ከኋላዬ መጥተው ትከሻዬን ያዙኝ።

"ነገ አንቺ ነሽ የምትገቢው" አሉኝ። "ማንንም አላስቀድምብሽም።"