የቼላያ ፊት በአውቶቡሱ ጀርባ

ቼላያ በኡሲላንኩላም ከተማ የፊልም ማስታወቂያ ሲለጥፍ ሠላሳ አንድ ዓመት ሆኖታል። ፊልም ግን አያይም። ሥራው የሚጀምረው ወገግ ሳይል ስለሆነ፣ ሲኒማ ቤት ገብቶ ጨለማና ማራገቢያ ካገኘ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ያንኮራፋል። እንዲያም ሆኖ ሊመጡ ካሉት ፊልሞች የትኛው ቢታይ እንደማይቆጭ ከተማው የሚጠይቀው እሱን ነው።

መለኪያው ወረቀት ነው። አዲስ ፊልም ሲቃረብ አከፋፋዩ ከማዱራይ ከተማ የሚልከውን ጥቅል በእጁ ያነሳና ይመዝነዋል። ጥቅሉ ከልክ በላይ ከከበደ፣ ስድስት ወረቀት ተጋጥሞ አንድ ፊት የሚሆነው ትልቁ ማስታወቂያ ከበዛ፣ ባለቤቶቹ ፈርተዋል ማለት ነው፤ ያ ፊልም እሑድን አይሻገርም። ጥቅሉ ልከኛ ሆኖ "ሁለተኛ ሳምንት" የሚል ቁራጭ ወረቀት ከወዲሁ አብሮ ከመጣ ግን የላኩት ሰዎች በሥራቸው ይተማመናሉ። በዚህ መለኪያ አልፎ አልፎ ይሳሳታል። ጋዜጣ ላይ ከሚጽፉት ግን ያነሰ ይሳሳታል።

ሙጫውን የሚያበስለው ራሱ ነው። ፍርኖ ዱቄት በውሃ በጥብጦ እንደ አጥሚት ያፈላዋል፣ ፍየል እንዳይልሰው ሰማያዊውን መድኃኒት ቆንጠር አድርጎ ይጨምርበታል። ሙጫው እየተረጨ መነጽሩን ስለሚያበላሽበት ሲሠራ መነጽሩን አውልቆ ኪሱ ይከተዋል። ወረቀቱ ከማተሚያ ቤት የሚመጣው ፊቱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው። ቼላያ ጀርባውን ይቀባል፣ አንስቶ ግድግዳው ላይ ያሳርፈዋል፣ በኮኮናት ቃጫ ብሩሽ ከመሃል ወደ ዳር ይጠርገዋል። ዓይኑ አራቱ ማዕዘን ላይ ነው። ወረቀቱ ላይ ያለውን ሰው አያይም፤ እሱን ማየት ሥራ ያስፈታል።

የፊልም ብቻ አይደለም የሚለጥፈው። በዚያ አገር ሰው ሲሞት ፎቶው፣ የልጆቹ ስም፣ የአሥራ ስድስተኛው ቀን ሥርዓቱ የሚፈጸምበት ዕለት በወረቀት ታትሞ በየግድግዳው ይወጣል። "የእንባ ስንብት" ይሉታል። የፊልሙንም የሐዘኑንም የሚያትመው አንድ ማተሚያ ቤት ነው፣ የሚለጥፈውም አንድ ቼላያ።

የመኸር በዓሉ ፖንጋል አራት ቀን ሲቀረው እንደ ልማዱ ጎህ ሳይቀድ ሁለት ጥቅል ከማተሚያ ቤቱ ደጃፍ አነሳ። አንዱ በበዓሉ ዕለት ለሚጀምረው "የኩሬው ዘብ" የተባለ ፊልም የመሪ ተዋናዩ አፍቃሪዎች ማኅበር ያሳተመው የእንኳን ደህና መጣህ ወረቀት ነበር። ሌላው ሶላይማላይ የተባለ የሩዝ ነጋዴ የእንባ ስንብት ነው። ሁለቱንም ለጥፎ ጨርሶ፣ ባልዲውን አለቅልቆ፣ መሰላሉን ብስክሌቱ ላይ አስሮ አንድ ሰዓት ከሩብ ላይ ማያንዲ ሻይ ቤት ደረሰ።

ማያንዲ ሻዩን ከከፍታ ወደ ብርጭቆ እያንቆረቆረ ቀና አለ። ሻዩ መውረዱን አላቆመም፤ ብርጭቆው ግን ከሥሩ ሄዷል። የፈላው ሻይ በጠረጴዛው ላይ ፈሶ ጫፉ ላይ ወደተቀመጡት ሽማግሌ ጭን ሲወርድ እሳቸውም አልተንቀሳቀሱም። ቼላያን ነው የሚያዩት።

"ጋሼ፣" አለ ማያንዲ ድምፁ ሰልሎ። "በእግርህ ነው የመጣኸው?"

"በብስክሌት። ምን ሆነሃል? ስኳሩን ቀነስ አድርገህ አምጣ።"

"ለአንተ ብዬ ራዲዮኑን ዘግቻለሁ እኮ።"

"ለእኔ ብለህ?"

ማያንዲ በማንቆርቆሪያው ከመንገዱ ማዶ ያለውን ግድግዳ አመለከተው። ቼላያ ያን ግድግዳ ከሁለት ሰዓት በፊት ነው የለጠፈው። መነጽሩን አውጥቶ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገና አደረገው።

የራሱ ፊት ነው። ጥቁርና ነጭ ሆኖ፣ አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን ገብቶለት፣ ከላይ "የእንባ ስንብት" ተብሎ ተጽፎ። እጁ ወደ ደረቱ ሄዶ ልቡ መምታቱን ፈተሸ። እንዲህ ማድረጉን ያወቀው ሽማግሌው "ይመታል?" ብለው ሲጠይቁት ነው።

"ስሙ እኮ የእኔ አይደለም" አለ።

"ስሙን ማን ያነባል ጋሼ? እኛ ያየነው ፊትህን ነው።"

ከጎኑ ያለው ወረቀት የባሰ ነበር። "ጀግናችን ደረሰ፣ በአራት ሰዓቱ ትርኢት እንቀበለው" ከሚለው ጽሑፍ ሥር ሟቹ የሩዝ ነጋዴ ጥቁር መነጽር አድርገው ጥርሳቸው እስኪታይ ይስቃሉ። ሰውየው ከሞቱ ሦስተኛ ቀናቸው ነው።

የማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር እንደ ደንቡ ከወረቀቱ ግርጌ አለ። የቼላያ ስልክ ሙጫ እንዳይነካው ሁልጊዜ ቤት ስለሚቀር በማያንዲ ስልክ ደወሉ። ወረቀቱን ያቀናበረው ጎረምሳ ከእንቅልፉ ነቅቶ አነሳ። ነገሩን ነገሩት።

"ሁለቱም ፎቶ በስልክ ነው የተላከልኝ፣ ስም የለበትም" አለ። "አንደኛው ሽማግሌ አበባ አጥልቆ ኮስተር ብሏል። ሌላው መነጽር ገድግዶ ይስቃል። አንተ ብትሆን የትኛውን ትገድላለህ?"

ቼላያ ፎቶውን አስታወሰ። ማኅበሩ ባለፈው ሳምንት "ሠላሳ ዓመት ለጀግናችን የደከመ" ብሎ አበባ አጥልቆለት ፎቶ አንስቶታል፤ ፎቶውን እንኳን ደህና መጣህ ወረቀት ላይ እናወጣለን ብለውት ነበር። ፎቶ ላይ መሳቅ አያውቅበትም። በዚያ አገር ደግሞ ፎቶ ላይ አበባ ካለ፣ ፊቱም ከጠቆረ፣ ማንም ሰው ሁለተኛ አይጠይቅም።

"የሟቹ ልጆች ሳያዩት እንንቀለው" አለ ማያንዲ። "ስንት ለጥፈሃል?"

"ሃያ። አሥራ ዘጠኙ ግድግዳ ላይ ነው። ሃያኛውን..."

 ሃያኛውን የለጠፈው ገና መናኸሪያ ቆሞ በነበረው በአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ጀርባ ላይ ነው፤ የነጋዴው እርሻ በዚያ መስመር ስለሆነ ቤተሰቡ አደራ ብለው ነበር። አሥራ አራት ቁጥር መጨረሻው ካቱርፓቲ ነው። ካቱርፓቲ ፌርማታ ላይ ደግሞ የቼላያ እናት ቬራዪ በየጠዋቱ የሽፈራው ቅጠል በቅርጫት ይዘው አውቶቡሱን ይጠብቃሉ፤ ገንዘብ ተቀባዩ ወስዶ ከተማ ይሸጥላቸዋል።

ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ሁለት ልጆች ቀብረው የቀራቸው እሱ ብቻ ነው። አምና ልባቸው ቆሞ ሐኪም ቤት በስንት መከራ ነው የተመለሰላቸው። ሐኪሙ ቼላያን ወደ ጥግ ወስዶ "ድንገተኛ ነገር እንዳይሰሙ" ብሎታል። ማንበብ አይችሉም። የልጃቸውን ፊት ግን ለማወቅ ፊደል አያስፈልጋቸውም።

"ስንት ሰዓት ነው የሚደርሰው?" አለ ማያንዲ፣ ሽርጡን እየፈታ።

"ሁለት ከአሥር።"

ማያንዲ ሻይ ቤቱን ለሽማግሌው ጥሎ ሞተሩን አስነሳ። አንድ ሰዓት ተኩል አልፏል፤ አውቶቡሱ ከወጣ ሩብ ሰዓት ሆኖታል። በየመንደሩ ስለሚቆም ይደረስበታል ብለው ነበር፤ ባቡር መሻገሪያው ተዘግቶ አሥር ደቂቃ በላባቸው። እዚያ የቆመች አንዲት ሸንኮራ ሻጭ ቼላያን ትክ ብላ አይታ ሸንኮራዋን ጥላ ወደ ኋላ ኋላዋ ሄደች።

"ደህና ነኝ እህቴ" አላት።

ሴትዮዋ ሮጠች።

አውቶቡሱን ያገኙት ከመስኖው ዳር ባለው ጠባብ መንገድ ላይ ነው። ከፊቱ ሸንኮራ የጫነ የበሬ ጋሪ ስላለ ይንፏቀቃል፣ ሞተሩ ግን የሚያልፍበት ክፍተት የለም። ማያንዲ ጥሩምባውን ቢነፋ ቢነፋ ሾፌሩ ጋሪውን የሚያስቸኩሉ መሰለው እንጂ አልቆመም። ስለዚህ ቼላያ ሁለት ኪሎ ሜትር ሙሉ የራሱን የሞት ወረቀት ፊት ለፊት እያየ ተጓዘ። ሠላሳ አንድ ዓመት ሲለጥፍ አንድ ወረቀት እንዲህ አትኩሮ አይቶ አያውቅም። የስምንት ልጆች ስም ተደርድሯል፤ እሱ አንድም የለው። ከዓይኖቹ ሥር ያለው ጥቁረት በሕይወቱ መስታወት ላይ ያላየው ነው። አንዲት የአየር እብጠት እንኳ የለችበትም፣ አራቱም ማዕዘን ልክክ ብሏል። እንዲህ አሳምሮ መለጠፉን ረገመ።

ማያንዲ ፊቱን ሳያዞር ጮኸ፤ "ይህ ሁሉ ይለፍና፣ የኩሬው ዘብ ይታያል?"

"ጥቅሉ ከባድ ነው።"

"እና?"

"ሦስት ቁልፍ የሚለውን ፊልም እይ። እባክህ ቶሎ ንዳ።"

መንገዱ ትንሽ ሲሰፋ አውቶቡሱ ጋሪውን ቀድሞ ከነፈ፤ ጋሪው ግን እነሱን መልሶ ዘጋቸው። ካቱርፓቲ ሲደርሱ አውቶቡሱ ከኒም ዛፉ ሥር ዞሮ ቆሟል። ሃያ የሚሆን ሰው ክብ ሠርቷል፣ የሚናገር ግን የለም። ሴቶቹ አፋቸውን በሳሪያቸው ጫፍ ይዘዋል። ገንዘብ ተቀባዩ ቦርሳውን ታቅፎ ደረጃው ላይ ተቀምጧል። በክቡ መሃል ቬራዪ ቅርጫታቸውን መሬት አስቀምጠው፣ መዳፋቸውን ወረቀቱ ላይ፣ የልጃቸው ጉንጭ ላይ አሳርፈው ቆመዋል።

ቼላያ የማያንዲን ትከሻ ይዞ ከሞተሩ ወረደ። መጀመሪያ ያየችው ውሃ የቀዳች ሴት ነበረች። የፕላስቲክ እንስራዋ ከወገቧ ወድቆ ነጠረ፣ ውሃው በሰው እግር መሃል ፈሰሰ፤ እግሩን ያነሳ የለም። አንድ ሽማግሌ ቀስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ።

እናቱ ዞር አሉ።

"መጣህ?" አሉት። "ለምን አልነገርከኝም?"

"ምኑን እማ?"

"ፊልም መሥራትህን ነዋ።"

ቼላያ እናቱንና ወረቀቱን አፈራርቆ አየ።

"ይሄን ሁሉ ዓመት የሰው ፊት ስትለጥፍ አንድ ቀን ያንተንም እንደሚያወጡት አውቅ ነበር" አሉ ቬራዪ። "እነዚህን 'መቼ ነው የሚጀምረው?' ብዬ ብጠይቃቸው ዲዳ ሆነው ቀሩ። ምቀኞች።"

"ምን እንበላቸው ጋሼ?" አለ ገንዘብ ተቀባዩ ሊያለቅስ ደርሶ። "ማንበብ የምንችለው ሁሉ ማንበብ ጠፋን።"

"ቁጥር እንኳ አይጠፋኝም፤ ሃያ ሦስት ይላል" አሉ እናቱ የሟቹ ሥርዓት የሚፈጸምበትን ቀን በጣታቸው እየነኩ። "ያን ቀን መጥተህ ትወስደኛለህ። ምን ሆነህ ነው የሠራኸው?"

ቼላያ የእናቱን ደረት ያያል። ይወጣል፣ ይወርዳል፤ ደህና ነው። እውነቱን ሊናገር አሰበ፣ ከየት እንደሚጀምር ግን አላወቀም።

"ሩዝ ነጋዴ" አለ።

"ሀብታም?"

"ሀብታም።"

"ልጆችስ አሉህ?"

"ስምንት።"

አሮጊቷ ሳቁ። "ተመስገን፣ በፊልምም ቢሆን። መጨረሻህስ ምንድን ነው?"

ማያንዲ ጉሮሮውን ጠረገ። ክቡ ሁሉ ወደ ቼላያ ዞረ። ደግ መጨረሻ ቢነግራቸው ሃያ ሦስተኛው ቀን ነጭ ሳሪያቸውን ለብሰው ሲኒማ ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ፤ ከዚያ በኋላ ያለውን ማን ያስረዳቸዋል? ደግሞም ፊልም በተጠየቀ ቁጥር እንዳለ መናገር ለምዶበታል።

"እሞታለሁ" አለ።

"መቼ?"

"ገና ሲጀምር።"

የእናቱ መዳፍ ከወረቀቱ ወረደ። ቼላያ ሊደግፋቸው ሁለት እጁን ዘርግቶ ቀረበ። አልወደቁም። መጀመሪያ እሱን አዩት፣ ከፀጉሩ እስከ ሙጫ የነካው እግሩ፤ ከዚያ ወረቀቱን አዩ፤ ከዚያ ደግሞ አንገታቸውን የደፉትን ጎረቤቶቻቸውን አንድ በአንድ አዩ።

"እንግዲያ አላይም" አሉ ቀስ ብለው። "ሁለቱን በዓይኔ አይቼ ሸኝቻለሁ። ሦስተኛውን ትኬት ቆርጬ፣ ወረፋ ይዤ አላይም። ሌላም ሰው አያየውም። አንሳው።"

ቼላያ የለጠፈውን ራሱ ነቅሎ አያውቅም። ገንዘብ ተቀባዩ ውሃ አመጣ፣ ማያንዲ የሞተሩን ቁልፍ ሰጠው። በቁልፉ ጫፍ ሲፈቀፍቅ የልጆቹ ስምና የቀኑ ቁጥር በቀላሉ ለቀቁ። ፊቱ ግን እምቢ አለ፤ መሃሉን ሁልጊዜ አብዝቶ ነው የሚቀባው። ውሃ ረጨ፣ ጠበቀ፣ ፈቀፈቀ። ግንባሩና አንድ ዓይኑ ቆርቆሮው ላይ ቀሩ።

ቬራዪ ከቅርጫታቸው የሽፈራው ቅጠል የሚቆርጡበትን ቢላ አወጡና በክርናቸው ገፋ አደረጉት። ከግንባሩ ጀምረው ወደ ታች፣ ቀለሙ እስኪላጥ ፋቁት። ሲጨርሱ ቆርቆሮው ላይ የቀረ ነገር የለም። የመነሻ ሰዓቱ ካለፈ ቆይቷል፤ ሾፌሩ ግን ጥሩምባ አልነፋም።

"ሌላ ቦታ አለ?" አሉ እጃቸውን በሳሪያቸው እየጠረጉ።

"ከተማ ውስጥ" አለ ቼላያ። "አሥራ ዘጠኝ።"

ቅርጫታቸውን ለገንዘብ ተቀባዩ ሰጡትና ቢላውን እንደያዙ በፊተኛው በር ወደ አውቶቡሱ ወጡ።